«ለምለም» የሚል ይኑር

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! «እንኳን አብሮ አደረሰን» በሉኝ። ካልመለሳችሁልኝ ሰላምታው ግማሽ ነው።

ደሴ ዘንድሮ በዓል በበዓል ላይ ሆኖላታል። ነሐሴ ሲገባደድ መውሊድን አከበርን። ጳጉሜ ብልጭ ብላ አለፈች። ይኸው ደግሞ እንቁጣጣሽ። የሥጋው ነገር በየእምነቱ ይለያይ እንጂ ዳቦው፣ ቡናውና ጨዋታው አይለይም። ለመውሊድ የጠራንን ጎረቤት ዛሬ ጠርተነው ካልመጣ ማኩረፍ መብታችን ነው። የዶሮ ዋጋ ግን ሁላችንንም እኩል አስኮርፎናል። እሱን እንተወው።

ስልኬ ከማታ ጀምሮ ሲጮህ ነው ያደረው። አደይ አበባ፣ ሻማ፣ የሚያብለጨልጭ ጽሑፍ። አንዱ የላከውን ሌላው ያስተላልፈዋል። ጭራሽ ከማይተዋወቁ ሰዎች ያው አንድ ሥዕል ደርሶኛል። አልከፋኝም፤ መታወስ ደግ ነው። ግን ምን ተብሎ ይመለሳል? አውራ ጣት ትልካላችሁ፣ አለቀ።

ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ነገሩ ሌላ ነው። የሰፈር ሴት ልጆች የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ አደይ አበባና ቄጤማ ይዘው ይመጣሉ። አንዷ «አበባየሆሽ» ብላ ታወጣለች፣ ሌሎቹ «ለምለም» ይላሉ። እስቲ ይህን ብቻችሁን ሞክሩት። ራሳችሁ አውጥታችሁ፣ ራሳችሁ «ለምለም» ስትሉ፣ ከጓዳ ሰው ብቅ ብሎ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ይላችኋል። ለአንድ ሰው የተሠራ ዜማ አይደለማ። ተቀባይ ከሌለ ዘፈኑም የለም።

የኛ አገር ዜማ ብዙው እንዲህ ነው። መንዙማ ቤት ብትገቡ ድቤው ይመታል፣ አንዱ ያወጣል፣ ቤቱ ሙሉ እያጨበጨበ ይቀበላል። የወሎ ሼሆች መንዙማን በአማርኛ ገጥመው፣ በዐረብኛ ፊደል ጽፈው ነው ያቆዩልን። ዐጀም የምንለው ነው። ቤተ ክርስቲያንም ብትሄዱ ካህናቱ ግራና ቀኝ ቆመው ይቀባበላሉ። ሠርግ ቤትም፣ የደቦ አጨዳም ላይ ያው ነው። ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው፣ በድሮው ልማድ፣ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል።

አዝማሪ ቤት ደግሞ ይህ ነገር ጫፍ ይደርሳል። የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በየወንበሩ ይዞራል። አንዱ «ተቀበል!» ይልና አንድ መስመር ይሰጠዋል። አዝማሪው ያንን መስመር እያስረዘመ፣ እየደጋገመ ይዘፍነዋል። ከዚያ ሁለተኛው መስመር ይሰጠዋል። ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

አንድ ምሽት እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር አንድ ማሲንቆ ቤት ገባን። መካከላችን የሂሳብ ሠራተኛ የሆነ ወዳጃችን ነበር። ሰውየው ዝምተኛ ነው። ቢሮ ውስጥ ከ«እሺ» እና ከ«ነገ» ሌላ ቃል ሲወጣው ሰምተን አናውቅም። አዝማሪው ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ ደረሰና «ጋሼ፣ ዛሬ ያለ ግጥም መውጣት የለም!» አለው። ያልፈዋል ብለን ስንጠብቅ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ተቀበል!» አለ።

«የደሴ ብርዱማ ጋቢዬን ለመደ»

አዝማሪው ተቀበለው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ስለ ብርድና ስለ ጋቢ ማውራት የአዘቦት ወሬያችን ነው። ቤቱ ፈገግ አለ፣ ብዙም አልገረመውም። የሂሳብ ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ።

«ሀረጎን ልቤ እንጂ እግሬ መች ወረደ»

ቤቱ ተናወጠ! ሀረጎ ማለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሙቀቱ ጋቢውን ያስወልቃችኋል። እንግዲህ ሰውየው ኮምቦልቻ ሰው አለችው ማለት ነው። «ስሟን! ስሟን!» ተባለ። አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ግን ቢሮ ውስጥ ማንም «ደህና አደርክ» አይለውም፤ «ሀረጎ እንዴት ነው?» ነው የሚባለው። እሱም ይስቃል። ለዓመታት አብረነው ሠርተን ያላወቅነውን ሰው በሁለት መስመር አወቅነው።

በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለችውን ጊዜ ነው የምወዳት። አዝማሪው የመጀመሪያውን እየደጋገመ ሳለ ቤቱ ሙሉ ሁለተኛውን ይጠብቃል። ሰጪው ራሱ ላይመጣለት ይችላል። ሙዚቃ በስልክ ስሰማ ይህችን አላገኛትም። ቅጂው ሁለተኛውን መስመር አስቀድሞ ያውቀዋል።

ደግሞ ይህ ጉዳይ ለኛ ሩቅ አይደለም። ከአራቱ የአገራችን ዜማ ቅኝቶች ሁለቱ የጎረቤት ስም ነው የያዙት። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ናት። ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ ያቺ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው ከተማ ናት። ትዝታንም ወሎ «የኔ ነው» ይላል። አንቺሆዬን ለሌላው ተውንለት፤ ቸርነት ነው።

እኔም በቅርቡ ከጥቂት ሰዎች ጋር ክራር መማር ጀምሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰዓታችን የሚያልቀው በመቃኘት ነው። ስድስቱን ክር አስተካክለን ትዝታ ስንል፣ መምህራችን «አሁን ወደ ባቲ እንሂድ» ይላል፤ እንደገና ማጥበቅ፣ እንደገና ማላላት። የአንዱ ክር ሲወርድ የጎኑ ሰው ጆሮውን ያውሰዋል። አንድ ቀን የመምህሩ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ልጆቼ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀመረው?» አሉን። እማማ፣ እኛም አናውቅም! ግን ከዚያ ቤት ተኮራርፎ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ከዚህ ጋር ይሄዳል። የዘፈን፣ የእጅ ሥራና የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት የጀመሩ ጀማሪዎችን ለሰባት ወር ተከታተሉ። በመጨረሻ ሁሉም ቡድኖች በየራሳቸው ተቀራርበዋል። አብረው የዘፈኑት ግን ገና በመጀመሪያው ወር ነው ቶሎ የተላመዱት። አዝማሪ ቤት ይህ በአንድ ምሽት ይታያል፤ ለማንኛውም ሳይንሱም ደርሶበታል።

የወንዶቹን ልጆች ነገር ረስቼው ነበር። በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ ሲዘፍኑ ወንዶቹ ሥዕል ሥለው ያዞራሉ። መልአክ፣ ፀሐይ፣ አበባ። አሁን አሁን ታትሞ የሚሸጥ ካርድ ይዘው የሚመጡ በዝተዋል። ልጆቹን አልወቅስም፤ እኛ ትልልቆቹ ነን ታትሞ የመጣውን «ያምራል» እያልን ያስለመድናቸው። የኛ ቤት ቡፌ መስታወት ላይ አንድ በእጅ የተሣለ መልአክ ተለጥፏል። አንድ ክንፉ ከሌላው ይረዝማል፣ ሰይፉ ማንኪያ ነው የሚመስለው። እንግዳ የመጣ ሁሉ «ይሄን ማን ሣለው?» ይላል፤ ወሬ ይጀመራል። የታተሙት ካርዶች የት እንደገቡ እንጃ።

መሣል ደግሞ ለሣዩም ይበጃል። በአሜሪካ የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች 39 አዋቂዎችን ለ45 ደቂቃ በሸክላ ጭቃ፣ በቀለምና በወረቀት የፈለጉትን እንዲሠሩ አደረጉ። ከተሳታፊዎቹ 75 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል፣ ያ ከጭንቀት ጋር የሚጨምረው ሆርሞን፣ ቀነሰ። ሥዕል የለመደውና ያልለመደው ልዩነት አላሳዩም። ስለዚህ «እኔ እኮ አልችልም» የምትሉ፣ ሰበቡ አያዋጣም። ማንኪያ የመሰለ ሰይፍ ይበቃል።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ እንደነበር አትረሱም። ሙዚየማችን ሳይቀር ተዘርፏል። ያን ሰሞን የነበረውን ዝምታ የሚያስታውስ ሰው ዛሬ የልጆቹን ከበሮ ሲሰማ «ጠዋት ቀሰቀሱኝ» ብሎ አይቆጣም። አሁንም መንገዱ እንደ ልብ ስላልሆነ ለበዓል ቤታችሁ መግባት ያልቻላችሁ አላችሁ። ለእናንተ ሥዕል ከማስተላልፍ ልደውልላችሁ። ስደውል ታዲያ ከወዲያኛው በኩል «ለምለም» በሉኝ። የኔን ድምፅ መታገስ የእናንተ ፈንታ ነው።

ደሴ ያላችሁ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ቡና አለ፣ ዳቦ አለ፣ ያልተቃኘ ክራር አለ። ልጆች ይዛችሁ የምትመጡ እርሳስና ቀለም አትርሱ። መምጣት ለማትችሉ ጦሳን፣ ያን የደሴን ተራራ፣ ያነሳች አንዲት መስመር ጀምሬያለሁ፤ ሁለተኛዋን እስካሁን አላገኘሁላትም። ቤት የሚመታ ቃል ግን አይጠፋም፤ ኑሮ አለ፣ ከበሮ አለ፣ አብሮ አለ። ተቀበሉ!

«አዲስ ዘመን መጣ በጦሳ ተሻግሮ»