ደሴ ላይ «ዑመር ሙኽታር»ን ለማሳየት ያየሁት ፍዳ

ወሎ ውስጥ የቆየ የጦርነት ፊልም አሳይታችሁ የተመልካች አስተያየት ለመሰብሰብ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። እኔን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ፊልሙን የመረጥኩት በጣሊያኑ ጄኔራል በግራዚያኒ ምክንያት ነው። «ዑመር ሙኽታር» በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣ የሙስጠፋ አቃድ ሥራ ነው። አንቶኒ ኩዊን ሊቢያዊውን አርበኛ፣ ኦሊቨር ሪድ ደግሞ ግራዚያኒን ሆነው ይተውኑበታል። ግራዚያኒ ዑመርን በ1931 እ.ኤ.አ. ካሰቀለ በኋላ ነው እኛ ጋ የመጣው። የየካቲት 12ቱን እልቂት ሁሉም ያውቃል። ደሴም ብትሆን በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ቦምብ ወርዶባታል። ስለዚህ ወሬው እዚህ ከተማ ባዳ አይደለም።

ቀላል ቀላሉን ልለፈው። ፕሮጀክተር ትከራያላችሁ። ጀነሬተር በተጠንቀቅ ታቆማላችሁ። ቅጂው እንግሊዝኛ ስለሆነ ድሮ ቪዲዮ ቤት ይተርክ የነበረ ልጅ በማይክራፎን እያማረኘ አስኬደው፤ ለቀልዱም አልሰነፈም። አለቀ።

ያቃጠለኝ የአዳራሹ ፈቃድ ነው። ስሙን የማልጠራው ቢሮ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ስመለስ መስክ ወጥቷል። በስንት መከራ ሳገኘው የመጀመሪያ ጥያቄው «ፖለቲካ አለው?» ሆነ።

«ጋሼ፣ የጣሊያንና የሊቢያ ጉዳይ ነው። ሰውየው ከሞተ ዘጠና ዓመት አልፎታል» አልኩት።

«ቢሆንም» አለ።

ያቺ «ቢሆንም» እስካሁን ታንገበግበኛለች። ፈቃዱ በመጨረሻ ተሰጠ፤ ግን ከነኮተቱ። መክፈቻ ንግግር የሚያደርገው ቢሮው ነው። ፊልሙ እንዳለቀ ወዲያው ውይይት ይደረጋል፤ የሚመራውም የእነሱ ባለሙያ ነው። ተመልካቹ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ «ከፊልሙ ምን ትምህርት አገኙ?» ይላል። ከሥሩ «በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ» የሚል ሳጥን አለ። ትምህርት እንዴት «መካከለኛ» እንደሚሆን እስካሁን አልገባኝም።

ጥሪው ለስምንት ሰዓት ነበር። ሰው በሰዓቱ ገባ። ኃላፊው ብቅ ያለው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ኪነ ጥበብ ለልማት ስላለው ፋይዳ አወራ፣ አወራ። ፊልሙ ራሱ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ነው! ኩዊን ብቅ ሲል ከኋላ አንዱ «ሐምዛ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ። ስለ እስልምና አነሳስ በሚተርከው የአቃድ ፊልም በ«አር-ሪሳላ» እንግሊዝኛ ቅጂ የነቢዩን አጎት ሐምዛን ሆኖ የተወነው እሱ ነውና አዳራሹ በሳቅ ሞቀ። ታንኮቹ ሲመጡ ጭጭ አለ። ዑመር ወደ መሰቀያው ሲሄድ ግን መግሪብ ደርሶ ግማሹ ሰው እየተነሳ ነበር።

ባለሙያው ማይኩን ነጥቆ «ከዚህ ፊልም ጽናትን ተምረናል» አለና ራሱ አጨበጨበ። አንድ ሐጂ እጃቸውን አወጡ። «ሰዓት የለንም፣ በቅጹ ላይ ይሙሉልን» አላቸው። ሐጂው ቅጹን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። የተመለሰልኝ ቅጽ ማለት ይቻላል ሁሉም «በጣም ጥሩ» ነበር። ይኸው አስተያየት ተብዬው።

በማግስቱ ፒያሳ አካባቢ ጀበና ቡና ቤት ሐጂውን አገኘኋቸው። «ምን ሊሉ ነበር?» አልኳቸው።

«ዑመርን አይቼ አለቀስኩ ወላሂ። ግን ልጄ፣ ግራዚያኒ በኦጋዴን በኩል ሲወጋን ሊቢያዎች ወታደሮቹ ነበሩ። ይኼን ማን ይመልስልኛል?»

አጠገባችን የነበረ የታሪክ አስተማሪ ተቀበላቸው። «ሐጂ፣ እዚያም እኮ ዑመርን ሲያሳድዱ ከነበሩት ውስጥ ከኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች ማለቴ ነው፣ ነበሩ። ጣሊያን አንዱን በአንዱ ነው ያስፈጀው።» ሐጂው በዚህ አልረኩም። «የታዘዘ ሁሉ ንጹህ ነው እንዴ ታዲያ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «በጋዳፊ ብር የተሠራ ነው፤ ዑመርን መልአክ አድርጎታል» አለ። እውነቱን ነው፣ ገንዘቡ የሊቢያ መንግሥት ነበር። አስተማሪው ደግሞ ጣሊያን የጦር ሠራዊቴን ክብር ይነካል ብላ ለዓመታት እንዳገደችው፣ በቴሌቪዥን የታየውም በ2009 እ.ኤ.አ. ጋዳፊ ሮም ሲሄድ እንደሆነ ነገረን። ቡና የምታፈላዋ እህታችን ለታንኩም ለጋዳፊም ግድ አልነበራትም። ያንገበገባት ፊልሙ ላይ ጣሊያን ካምፕ አስገብቶ በሽቦ ያጠረው ሕዝብ ነው። «እናቶቹን ምን አድርጉ ብለው ነው?» አለች። በእነዚያ ካምፖች ያለቀው ሰው በአስር ሺዎች እንደሚቆጠር አስተማሪው ሲነግራት ሲኒዎቹን ትታ ቁጭ አለች። «የእኛስ ፊልም የታለ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ በረካው ተቀድቷል።

ስለዚህ ቢሮው የሚለውን ተዉት። ፊልም እንዳለቀ ውይይት ብሎ ነገር አታድርጉ፤ ሰው ዓይኑ እንባ እንዳዘለ ማይክ አይጨብጥም። ይሂድ፣ ይደርበት። በማግስቱ ቡና ላይ፣ ያለ ወረቀት፣ «ምን ተማራችሁ?» ሳይሆን «ማን አናደዳችሁ?» በሉ። ከተቻለ የመንግሥት አዳራሽም ይቅርባችሁ፤ የሰፈር ቪዲዮ ቤት ወንበሩ ቢቆረቁርም መክፈቻ ንግግር የለውም።

ቢሮው ኋላ ሪፖርት ጠየቀኝ። ቅጾቹን ጠርዤ ሰጠኋቸው፤ ደስ አላቸው። የሐጂውን ጥያቄ አልጨመርኩበትም። ከፈለጉ ቡናው ቤት ይምጡ፣ ከአስር ሰዓት በኋላ እዚያው ናቸው።