«ትስስር» መጻፍ ያቃተው ኪቦርዴ

ሥራው የአንድ ቅዳሜ መስሎኝ ነበር። አማርኛን፣ ትግርኛንና ሰባትቤት ጉራጌን በአንድ ላይ የሚጽፍ ኪቦርድ መሥራት። ኪማን ዴቨሎፐር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩና ቁጭ አልኩ።

ሒሳቡ ያስፈራል። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ እነ«ቋ»ና «ሏ» ገና ሳይቆጠሩ። ያለን የፊደል ቁልፍ ደግሞ 26። ስለዚህ የተለመደውን መንገድ ያዝኩ። ተነባቢው ሲነካ ሳድሱ ይወጣል፣ አናባቢ ሲከተል ይለወጣል። ኤል ብቻውን «ል»፣ ኤ ሲጨመርበት «ላ»።

ለቀሩት ድምፆች ሁለት ሁለት ቁልፍ አጋባሁ። ኤስና ኤች «ሽ»፣ ቲና ኤስ «ጽ»። ኤስ ሁለቴ ከተነካ ደግሞ ንጉሡ «ሥ»። በላቲን ፊደል ቴክስት ስንላላክ የምናደርገው ነውና ማን ይቸገራል ብዬ። «ሰላም» ጻፍኩ፤ ሠራ። «ጤና ይስጥልኝ»ም ሠራ። ጉራ ጀመረኝ።

ከዚያ አንድ ጓደኛዬ ሞከረው። «ስህተት» ሲጽፍ «ሽተት» ወጣ። ስህተትን መጻፍ የማይችል ኪቦርድ! ሳቅን። «ትስስር» ላይ ግን ሳቄ ቆመ። ትና ስ ተዋውጠው «ጽስር» ሆነ። የ«ጽ»ን ሕግ ሰረዝኩት። አሁን ደግሞ ሁለቱ ስ ተጋብተው «ትሥር» አሉኝ። አንዲት ቃል ሁለት ሕግ አፈረሰችብኝ።

ሁለት ቁልፍ አጋብቶ አንድ ፊደል ማውጣት የሚያዋጣው ሁለቱ ተነባቢዎች ጎን ለጎን የማይመጡ ከሆነ ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋዎች ሳድስ ከሳድስ አጠገብ ሲቆም የሚገርመው የለም። ይህን ቀድሞ ማሰብ ነበረብኝ። ጥምሩን ሁሉ አጠፋሁ። ለአንድ ተነባቢ አንድ ቁልፍ፣ የቀረው በሺፍት። «ሽ» ኤክስ ላይ ሄደች። ለመልመድ ትንሽ ያታግላል፤ ግን ያልጻፉትን አያወጣም። «ምእራፍ»ም የራሷ ጣጣ ነበራት። «ኢ»ና «እ» በአንድ ቁልፍ ስለነበሩ ከ«ም» ቀጥሎ ሲነካ «ሚራፍ» ይላል። ለ«እ» ከማንም ጋር የማትጋባ የብቻዋን ቁልፍ ሰጠኋት። አሁን ቁልፍ ባዛወርኩ ቁጥር የምሞክረው በነዚህ ሦስት ቃላት ነው፤ «ሰላም» ምንም አይነግርም።

ባክስፔስ ላይ ተሸነፍኩ። «ላ» ለዓይን አንድ፣ ለጣት ሁለት ናት። ስትጠፋ ወደ «ል» ትመለስ ወይስ ጭራሽ ትሂድ? እኔ መመለሷን ወደድኩ። የሞከሩት ሁሉ ጠሉት፤ አንድ ቃል ለማጥፋት ስንት ጊዜ ይቀጠቀጣል? ትሂድ አልኩ።

ሰባትቤት ደግሞ ሌላ መዘዝ ይዞ መጣ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለሰባትቤት የተለዩት ፊደላት ግን እስከ 2005 ጠብቀዋል፤ የማያውቃቸው ፎንት ዛሬም አለ። ኪቦርዱ ትክክለኛውን ኮድ ቢልክም ስክሪኑ ላይ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ የራሴን ኮድ ስበረብር ከረምኩ። አሁን ፎንቱን ከኪቦርዱ ጋር አብሬ ነው የምሰጠው። ያም ሆኖ ሳጥን ያየ ሰው የሚደውለው ለእኔ ነው።