አሥረኛው መስመር

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ አጠገቤ የተቀመጠች የስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ።» የሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት የተፈረመ ነው። ዘጠኝ ፊርማ። አሥረኛው መስመር ላይ የነበረው ስም ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ በእስክሪብቶ ተሰርዟል። «የአክስቴ ልጅ ናት፤ አልፈርድባትም።»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አሥር አባላት ይጠይቃል። የማኅበር አባልነት ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት እንደማይሆንም አንቀጽ 26 ላይ ደንግጓል። ግን ያው አዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ እስከዚያ «ለሥራው ብቁ አይደለሽም» ብሎ ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። በር ዘግቶ መስኮት መርሳት ይሉታል ይህ ነው። የአክስቷ ልጅ ገና 41ኛ ቀኗ ነበር።

ደሴ ስንወርድ ወረቀቱን በዚያው በድሮው እጥፋት መልሳ አጠፈችው።