አሞርዛተርና ባሌስትራ ሳልነካ ቶዮታ ሃይሉክስ ሬቮዬ ላይ ትልቅ ጎማ እንዴት እንደገጠምኩ

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መትከልና መጠገን ነው። መኖሪያዬ ደሴ ይሁን እንጂ ደንበኞቼ በጉጉፍቱ በኩል እስከ ወረ ኢሉ፣ በሌላ በኩል ደግሞ እስከ ኩታበር ድረስ ተበትነዋል። ዋናው መንገድ ላይ እስካለሁ ድረስ ችግር የለም። ወደ ገበሬው ማሳ ስታጠፍ ነው ዋልካው የሚጀምረው። ዋልካ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው። ሲርስ ግን ጎማ ላይ እየተለጠፈ ጥርሱን ይደፍነዋል፤ ጎማው ለስልሶ ባለበት ይሽከረከራል፣ መኪናው ቀስ እያለ ይሰምጥና በሆዱ ይተኛል። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ እንዲህ ተኛብኝ። በሁለተኛው ጊዜ የመንደሩ ሰው በገመድ ጎትቶ ሲያወጣኝ ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። መሬቱን የነካው የኋላው ዲፈረንሻል (በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ክብ የማርሽ ቤት) ነበር፤ ጭቃው ላይ ድስት የተደፋበት የሚመስል ጉድጓድ ትቶ ነበር።

ያ ጉድጓድ ነው ውሳኔዬን የወሰነልኝ። ብዙ ሰው «መኪናህን ከፍ አድርጋት» ይላል፤ ስፕሪንግ መቀየር፣ ባሌስትራ (ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ንጣፍ) መጨመር ማለት ነው። ሃይሉክስ ከኋላ ያለው አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ) አንድ ወጥ ስለሆነ ግን ባሌስትራውን የቱንም ያህል ብታነሱት ካሶኒው (የጭነት ሣጥኑ) ነው ከፍ የሚለው፤ ዲፈረንሻሉ ከጎማው ጋር እዚያው ይቀራል። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እኔ ጄኔሬተርና ቧንቧ ጭኜ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ሐረጎን፣ የምወጣና የምወርድ ሰው ነኝ። በእነዚያ ኩርባዎች ላይ ክብደቱ ወደ ላይ የወጣ መኪና መንዳት አልፈልግም። ስለዚህ ፋብሪካው የሠራውን አሞርዛተር (ንዝረት የሚያበርደው)፣ ስፕሪንግና ባሌስትራ እንዳለ ትቼ ጎማ ብቻ ለመቀየር ወሰንኩ።

መኪናዬ የ2016 እ.ኤ.አ. ሬቮ ናት፣ ደብል ጋቢና። አብሯት የመጣው ጎማ 265/65 አር 17 ነው። ቁጥሩን ማንበብ ለማያውቅ፦ 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራል፤ 17 የቸርኬው (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ዲያሜትር በኢንች ነው። የጎኑን ቁመት እጥፍ አድርጋችሁ፣ ቸርኬውን በ25.4 አባዝታችሁ ስትደምሩት የጎማው ሙሉ ቁመት ይወጣል። የድሮው 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እኔ የመረጥኩት 265/70 አር 17 ደግሞ 803። ልዩነቱ 27 ሚሊ ሜትር ነው። ከመሬት ወደ ላይ የሚጨምረው ግን ግማሹ ብቻ፣ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጣት ውፍረት እንኳ በወጉ አይሞላም። ይህን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ብታውቁት ይሻላል።

ስፋቱን ያልቀየርኩት ሆን ብዬ ነው። 265ቱ እንዳለ ስለቀረ የፋብሪካው ቸርኬ በደንብ ይይዘዋል፣ ጎማውም ከፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው አካል) ውጪ አይወጣም። ለቦሎ ምርመራ ስሄድም የጠየቀኝ ሰው የለም። 285/70 እንዳስር የመከሩኝ ነበሩ። እሱ 831 ሚሊ ሜትር ነው፤ መኪናውን ከፍ ሳያደርጉ እሱን ለማስገባት ብረት መቁረጥ ይመጣል። ብረት መቁረጥ አልፈለግሁም።

ግዢው ላይ ጊዜ ወስጃለሁ። መጀመሪያ የታዩኝ ጎማዎች ጥርሳቸው ያልተነካ፣ ሽታቸው እንኳ አዲስ ነበር። ጎናቸው ላይ «ዲኦቲ» ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ። 2317 ካለ በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ባትሪዬን አብርቼ ሳነብ ሁለቱ ከሌሎቹ በአራት ዓመት የሚበልጡ ሆነው አገኘኋቸው። መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥም ጎማ ያረጃል፣ ይደርቃል። ትቼ ወጣሁና ሌላ ቦታ ፈለግሁ። የመሸከም አቅሙን ቁጥርም አትዝለሉት። የድሮው ጎማዬ 112 ይላል፣ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የገዛሁት ለጭነት የተሠራው «ኤልቲ» የሚባለው ዓይነት ሆኖ 121 ነው፤ 1,450 ኪሎ። ጎኑ ጠንካራ ነው፣ ለኮረትም ለእሾህም ይሻላል። ክብደቱም ግን የዚያኑ ያህል ነው፤ እህል መጋዘን ሚዛን ላይ አሮጌውንና አዲሱን ብንመዝን አንዱ ጎማ በአምስት ኪሎ በለጠ።

እዚያው ደሴ ጎሚስታ ጋ አሰርኩት። መሪውን በግራም በቀኝም እስከ ጥግ አዞርኩ፤ ጎሚስታው እጁን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አሳልፎ «አብሽር ወንድሜ፣ ይበቃል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቆማ ባለችበት ይበቃ ነበር። ባዶዋን ከተማ ውስጥ ፒያሳ ደርሼ ተመለስኩ፣ ምንም ድምፅ የለም።

በማግስቱ ስድስት ኩንታል የሚሆን ዕቃ ጭኜ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐረጎ ላይ ከሚጠመዘዙት ኩርባዎች አንዱ ጋ ፍሬን ይዤ መሪውን ሳዞር ከግራ እግሬ ሥር «ፍርርር» አለ። መሪውን ስመልስ ጠፋ። ቀጣዩ ኩርባ ላይ ደገመው። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ጎማውን ባየው ምንም የለም፣ ወለሉ ላይም የተቆረጠ ነገር የለም። ልቤ ግን ተረብሾ ነበር፤ ከታች የሚጠብቀኝ ቁልቁለት ነው።

የት እንደሚነካ ያወቅሁት በጠመኔ ነው። የፊት ጎማዎቹን ትከሻ፣ ጥርሱ ወደ ጎን የሚታጠፍበትን፣ በነጭ ጠመኔ ዙሪያውን ቀባሁት። ያንኑ ጭነት ይዤ ጥቂት ኩርባዎች ወርጄ ቆምኩና በስልኬ መብራት ውስጡን ፈተሽኩ። ከፓራፋንጎው ውስጥ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ፣ ከጎማው በስተኋላ፣ የጭቃ መከላከያው ከሚጀምርበት በላይ፣ መዳፍ የሚያህል ነጭ ምልክት ተቀምጧል። ብረት አልነካም።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ቆሞ ያለ መኪና ስፕሪንጉ ብዙ አልተጨመቀም። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ አፍንጫው ይደፋል፣ ጎማው ወደ ላይ ፓራፋንጎው ውስጥ ይገባል። መሪ ሲዞር ደግሞ የጎማው የኋላ ጠርዝ ወደ ውጪና ወደ ኋላ ይመጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጎሚስታው ጋ ያየነው ክፍተት የለም። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ጭነት ተጭኖ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን እየተያዘ፣ መሪ እየዞረ ነው።

መፍትሔው ሦስት ሥራ ነበር። የጭቃ መከላከያውን ፈትቼ ከውስጥ በኩል ያለውን ጠርዝ በመጋዝ ቆረጥኩና መልሼ አሰርኩት። ፕላስቲኩን በፈላ ውሃ አለስልሼ ወደ ኋላ ገፋሁና በሁለት ብሎን ያዝኩት። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ሦስተኛው ነው፤ ኮምቦልቻ አላይመንት ቤት (የጎማ አቅጣጫ የሚስተካከልበት) ገባሁ። ጎማውን የሚይዘው የሬቮ የታችኛው የፊት ክንድ በሁለት ማስተካከያ ብሎኖች ነው የተያዘው። እነሱን በማዞር የክንዱን ጫፍ ወደ ፊት መግፋት ይቻላል፤ ካስተር መጨመር ይሉታል። ጎማው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ ከኋላው ያለው ክፍተት ይሰፋል። ባለሙያውን «ቁጥሩ ከፋብሪካው ክልል እንዳይወጣ፣ ግን ወደ ላይኛው ጫፍ አስጠጋልኝ፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን» አልኩት። ሠራልኝ፣ እግዜር ይስጠው። መሪው ትንሽ ከበድ አለ፤ በቀጥታ መንገድ ላይ ግን ከድሮው ይልቅ መስመሩን ይይዛል። ደጋግሜ የምለው ቢኖር ይህ ነው፦ መቁረጫ ከማንሳታችሁ በፊት አላይመንት ቤት ግቡ። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ።

አሁን ስለ ስኮርታው (መለዋወጫው ጎማ)። ገንዘብ ለመቆጠብ አራት ጎማ ብቻ ገዝቼ አሮጌውን 265/65 ከሥር ትቼው ነበር። ወደ ወረ ኢሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ካቤ ሳልርቅ የፊት ቀኙ ወረደብኝ። አሮጌውን አሰርኩና ከፊቴ ጭቃ ስለነበር ፎር ባይ ፎር (አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረውን) አስገባሁ። ጭቃው ውስጥ ደህና ሄድኩ። ጠንካራው መንገድ ላይ ስወጣ ግን መኪናው ታንቆ የሚጎተት መሰለኝ፤ መሪ ሳዞር ይንገጫገጫል። ወደ ሁለት ጎማ ብመልሰው ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው የቆጣሪዎች ሰሌዳ) ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይለቅም። የሬቮ ፎር ባይ ፎር የፊቱንና የኋላውን አክስል አንድ ላይ ይቆልፋል፤ ትንሹ ጎማ ደግሞ ለተመሳሳይ መንገድ ብዙ መዞር አለበት። ጭቃ ላይ ጎማ ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይቀልጣል፤ ጠንካራ መሬት ላይ መሄጃ ስለሌለው ዘንጉን ይጠመዝዘዋል። ቆሜ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ስነዳ ነው «ጧ» ብሎ የለቀቀው። ዕድለኛ ነኝ፣ ምንም አልተሰበረም። አምስተኛውን ጎማ በሳምንቱ ገዛሁ። ከካሶኒው ሥር ያለው ቦታ ጠበብ ይላል እንጂ ያስገባዋል።

ነፋስን በተመለከተ፣ የበሩ ጠርዝ ላይ ያለው የፋብሪካ ወረቀት ለድሮው ጎማ የተጻፈ ነው። ኤልቲ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከፍ ያለ ነፋስ ይፈልጋል። እኔ ባዶ ሲሆን አራቱንም 35 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ሲጫን የኋላዎቹን 42 አደርጋለሁ። ዋልካ ልገባ ስል ደግሞ ወደ 20 አወርደዋለሁ፤ ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ስላለኝ አስፋልት ሳልደርስ መልሼ እሞላለሁ። ከልቤ ልናገር፦ ዘንድሮ ሳልሰምጥ የከረምኩት በ13 ሚሊ ሜትሩ ብቻ አይደለም። ጥርሱ ሰፋ ብሎ ጭቃውን መወርወሩና ነፋስ ማውረዴ የበለጠ ሠርተዋል። ትልቅ ጎማ መግዛት ለማይችል ሰው ኮምፕሬሰሩን አስቀድም እለዋለሁ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አሁን ወደ ኋላ ይቀራል፤ 100 ሲል በእውነት የተጓዝኩት 103.4 ነው። ናፍጣ በሊትር ከ10 ወደ 9.1 ኪሎ ሜትር ወረደ ብዬ ደንግጬ ነበር፤ የቆጣሪውን ስህተት አስተካክዬ ሳሰላው 9.4 ሆነ። ጭማሪው አለ፣ ግን ያስፈራኝን ያህል አይደለም። የፍጥነት መለኪያውም ድሮ ከእውነተኛው አስበልጦ ነበር የሚያሳየው፤ አሁን ከስልኬ ጂፒኤስ ጋር እኩል ሆኗል። ማርሹ በትልቁ ጎማ ምክንያት ረዝሟል። ሐረጎን ተጭኜ ስወጣ በሦስተኛ የምጨርሳት ዳገት አሁን ሁለተኛ ትጠይቃለች። ስወርድም በሦስተኛ ሞተሩ እንደ ድሮው አይዝልኝም። ስለዚህ ጭነት ካለ ከላይ ጀምሬ በሁለተኛ ነው የምወርደው፤ እንዲያ ካልሆነ ፍሬን ይሞቃል። የጎማ ዳዶም ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። ከእኔ ዳዶዎች ሁለቱ ላልተው ነበር።

ቆጣሪው ከገጠምኩ ወዲህ 18,000 ይላል፣ በእውነት 18,600 ገደማ መሆኑ ነው። አምስቱንም ጎማ እያዘዋወርኩ ስለምጠቀም ጥርሳቸው እኩል ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሰባት ኩንታል ጭኜ፣ ጠመኔውን እንደገና ቀብቼ ሐረጎን ወረድኩ። ቀኙ ንጹሕ ነው። ግራው ፕላስቲክ ላይ፣ ከታችኛው ብሎን አጠገብ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ነጥብ አለች። ሰኔ ሳይገባ ያቺን ብሎን ወደ ላይ አዛውራታለሁ።