ለኤሌክትሮኒክ ድራሜ የድምፅ ሶፍትዌር የመረጥኩበት መንገድ

ጎንደር ማራኪ አካባቢ የተከራየኋትን ክፍል ከአከራዬ መኝታ ቤት የሚለያት አንድ ግድግዳ ብቻ በመሆኑ፣ ለሠርግ ባንዳችን የምለማመድበትን ተራ ድራም ትቼ ያገለገለ ኤሌክትሮኒክ ድራም ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። እትዬ ከጩኸቱ ቢገላገሉም፣ የቤዝ ድራሙ ፔዳል ወለሉን ስለሚደበድብ ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ እስካነጥፍ ድረስ እንቅልፍ አላገኙም። የድራሙ ሞጁል (ድምፁን የሚያመነጨው ሳጥን) የሚያወጣው ድምፅ ግን ደረቅ ስለሆነብኝ፣ በዩኤስቢ ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ ድምፁን ከሶፍትዌር ለማውጣት ወሰንኩ።

በዚህ አሠራር ከድራሙ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ድምፅ ሳይሆን፣ የትኛው ፓድ (የሚመታው ሰሌዳ) በምን ያህል ኃይል እንደተመታ የሚገልጽ የሚዲ መልእክት ነው። ቤዝ ድራሙ አብዛኛውን ጊዜ በ36፣ ስኔሩ (ከሥሩ ሽቦ ያለው ድራም) በ38 ቁጥር ይታወቃል፤ የምቱ ኃይል ደግሞ ከ1 እስከ 127 ይለካል። ሶፍትዌሩ ይህን ተቀብሎ ከእውነተኛ ድራም ከተቀዱት ምቶች መካከል ተስማሚውን ያጫውታል። ለአንድ ፓድ በቂ ቅጂዎች ከሌሉት ግን ያው ምት እየተደጋገመ የስፌት መኪና ይመስላል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ምርጫውን ከቅጂ ብዛት መጀመሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሱፐሪየር ድራመር 3 የተባለው የድራም ሶፍትዌር፣ የድምፅ መሐንዲሱ ጆርጅ ማሰንበርግ ቤልጂየም ውስጥ የቀዳው፣ ሙሉ ክምችቱ 230 ጊጋባይት ገደማ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ዲስክ 256 ጊጋባይት፣ ራሙ 8 ብቻ ነበር፤ ያን ሁሉ በሞባይል ዳታ ማውረድም የአንድ ሠርግ ድርሻዬን ሳይበላ አይቀርም። ስለዚህ ወደ ነፃው ኤምቲ ፓወር ድራም ኪት ዞርኩ። ቀላልና ፈጣን ቢሆንም ድምፁ ለሮክ የተዘጋጀ ነው።

ዋናው ችግር ግን የድምፁ ዓይነት ሳይሆን መዘግየቱ ነበር። በባንዱ ልምምድ ላይ ችክችካ ስንጀምር ኪቦርድ ተጫዋቹ ቆም ብሎ «ወንድሜ፣ እስክስታው እያነከሰ ነው» አለኝ። እጄ ሳላውቀው ድምፁን እየጠበቀ ምቱን ይጎትት ነበር። ኮምፒውተሩ ድምፅን ከመልቀቁ በፊት በፈር በሚባል መጠባበቂያ ውስጥ ያከማቻል፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፅ ልኬት) በሚሠራበት ጊዜ 512 ናሙና ማለት 11.6 ሚሊሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ድምፅ በአየር አራት ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የራሴን ድራም ከክፍሉ ማዶ ሆኜ እንደ መስማት ነው፣ በዚያ ላይ የሌሎቹ ዕቃዎች መዘግየት ይደመርበታል። በቀጥታ አራት አራተኛ ምት ይህን ችላ ማለት ይቻል ይሆናል፤ ረጅሙና አጭሩ ምት በሚተቃቀፉበት የችክችካ ስድስት ስምንተኛ ግን ቶሎ ይታወቃል። አሲዮ ፎር ኦል የተባለውን ነፃ ድራይቨር (ሶፍትዌሩን ከድምፅ ዕቃው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ጭኜ በፈሩን ወደ 64 ዝቅ ሳደርገው ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ፤ በ128፣ ማለትም በ2.9 ሚሊሰከንድ፣ ረጋ። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ሶፍትዌር በመጀመሪያ የምፈትነው በዚህ ልክ ያለመቆራረጥ መሥራቱን ነው።

በመጨረሻ የመረጥኩት ሃይድሮጅን የተባለውን የድራም ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፣ ዲስክ አይሞላም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራስን ቅጂ በምት ኃይል ደረጃ እየደረደሩ አዲስ መሣሪያ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ከዊንዶውሱ ጎን ኡቡንቱ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጭኜ፣ ጃክ በተባለው የድምፅ ሥርዓት በዚያው በ128 አሠራሁት። ሃይ-ሃቱም (በፔዳል የሚከፈተውና የሚዘጋው ጥንድ ጸናጽል) ሲዘጋ የክፍቱን ድምፅ እንዲያቋርጥ ሁለቱን በአንድ ምድብ አስገባኋቸው። ግማሽ የተከፈተውን ድምፅ ግን አላገኘሁትም።

ከዚያ የአጎቴን ከበሮ ለመቅዳት አዘዞ ወረድኩ። «ጋሼ፣ ከበሮህን ለአንድ ቀን አውሰኝ» ስለው «አንተ መምታት አቅቶህ ነው ወይስ እሱ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ቢሆንም ምቱን ራሱ መታልኝ። ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ሰፊውንና ጠባቡን ፊት እያንዳንዳቸውን በአምስት የኃይል ደረጃ፣ ለየደረጃው አራት አራት ጊዜ፣ በጠቅላላው 40 ምት ቀዳን። ሰፊውን ፊት ቶም በሚባለው ድራም ፓድ ላይ፣ ጠባቡን በስኔሩ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጠርዙ በ37 ቁጥር ስለሚላክ ከስኔሩ ጋር አይጋጭም።

የቀዳነው በነሐሴ ስለነበር ቆዳው በእርጥበት ረግቦ ነበር፤ አጎቴ በእሳት ዳር ቢያሞቀውም በቅጂው መካከል ስለቀዘቀዘ፣ የጠባቡ ፊት የመጨረሻዎቹ ምቶች ከመጀመሪያዎቹ ወረድ ብለው ይሰማሉ። የጥር ሠርግ ከመግባቱ በፊት፣ በታኅሣሥ ደረቅ አየር፣ የጠባቡን ፊት 20 ምቶች እንደ አዲስ ለመቅዳት ተቀጣጥረናል።