የኩሉ ቀለሃ

ጥር 13፣ መሐል ሜዳ

የሚካኤል ታቦት ትናንት ገባ። እንግዳው ሁሉ ተበትኖ ዛሬ ቤቱ ጭር ብሏል፤ የቀረነው እኔና አጎቴ ነን። እሳቸው ባናቸውን ተከናንበው፣ እኔ ከኮሎራዶ የመጣሁበትን ጃኬት እስከ አንገቴ ዘግቼ፣ ምድጃ ዳር የገብስ ቆሎ ስንቆረጥም ዋልን። ባናው ከጃኬቱ እንደሚሻል በመጣሁ በመጀመሪያው ሌሊት ገብቶኛል። የመንዝ ብርድ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው።

ሦስት ወር ሙሉ የከበደኝን ነገር እዚህ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት፤ ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ነገሩ የጥይት መሙያ ማሽን ምርጫ ነው። በምኖርበት አገር የተተኮሰ ቀለሃ ሰብስቦ፣ ለራስ መተኮሻ ቤት ውስጥ መልሶ መሙላት የተፈቀደ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለዒላማ ውድድር የምንወጣ ብዙዎቻችን እንሞላለን። እኔ እስካሁን የምሠራው በባለ አንዱ ጣቢያ ማሽን ነው። እጀታው በተሳበ ቁጥር የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ሃምሳውን ቀለሃ ማስተካከል፣ ቀጥሎ ለሃምሳውም ፕራይመር ማጉረስ (ከቀለሃው ቂጥ የምትቀመጠውን እሳት ለኳሽ ነው ፕራይመር የምንላት)፣ ከዚያ ባሩድ፣ ከዚያ አረር። ለአንድ ቅዳሜ ጥይት ሁለት ማታ ይሄዳል። ልጆቼ ከተኙ በኋላ ያለችኝ ጊዜ ደግሞ ያችው ናት።

ፕሮግሬሲቭ የሚባለው ማሽን ቀለሃዎቹን ክብ ሳህን ላይ ይዞ ያዞራቸዋል። አንደኛው ጣቢያ ጋ አሮጌው ፕራይመር ወጥቶ አዲሱ ሲገባ፣ ሁለተኛው ጋ ባሩድ ይሰፈራል፣ ሦስተኛው ጋ አረር ይቀመጣል፣ አራተኛው ጋ የቀለሃው አፍ አረሩን እንዲይዝ ይጨመቃል። ሳህኑ አንዴ ከሞላ በኋላ እጀታው ወርዶ በተመለሰ ቁጥር አንድ ያለቀለት ጥይት ሣጥኑ ውስጥ ይወድቃል።

ከብዙ ማመንታት በኋላ ሦስት ቀሩኝ። ዲሎን 550 ባለ አራት ጣቢያ ነው፤ ሳህኑን የሚያዞረው ሰውየው ራሱ ነው፣ በአውራ ጣቱ። ዲሎን 750 አምስት ጣቢያ አለው፣ ሳህኑም በራሱ ይዞራል፤ ቀለሃውንም ከላይ ያለ ማቀበያ ስለሚያወርድለት ፍጥነቱ ከ550 በእጅጉ ይበልጣል። ሆርናዲ ሎክ ኤን ሎድ ኤፒም ባለ አምስትና በራሱ የሚዞር ነው። የሊ ማሽኖች ዋጋቸው ልብ ይስባል፤ ግን ማታ ማታ የሊውን ማሽን ሲያስተካክል የሚያመሽ ጓደኛ ስላለኝ ተውኳቸው።

ልቤ 750 ላይ ነበር። አምስት ጣቢያ ስላለው በአንዱ ላይ የባሩዱን ከፍታ የሚለካ፣ ሲጎድልም ሲበዛም የሚጮኽ መሣሪያ መግጠም ይቻላል። ይህን የፈለግኩት በምክንያት ነው። ባለፈው በልግ ውድድር ላይ ቃታ ስስብ ጥይቱ እንደ ወትሮው አልጮኸም፤ «ጵፍ» ብሎ ቀረ። እጄ ሊደግም ሲል ከኋላዬ የቆመው ዳኛ «ቁም!» ብሎ ጮኸብኝ። ሽጉጡን ፈተን ስናየው አረሩ አፈሙዙ መሐል ተቀርቅሯል። ባሩድ ሳልሰፍርለት የዘጋሁት ቀለሃ ነበር፤ ፕራይመሯ ብቻዋን ገፍታ እዚያ አደረሰችው። ብደግም ኖሮ ሁለተኛው አረር ከፊተኛው ጋር ተላትሞ አፈሙዙን እጄ ላይ ይተረትረው ነበር። ያን ቀን ቤት ስገባ ትንሿ ልጄ እጄን ይዛ ወደ መጫወቻዋ ስትጎትተኝ ምን እንደተሰማኝ ዛሬም መናገር ያቅተኛል።

ይህን ለአጎቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ተነሡ፤ ከአልጋቸው ራስጌ ካለው ሙዳይ አንድ ነገር አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የውጅግራ ቀለሃ ነው። የአያቴ የኩል መያዣ ነበረች፤ አፏ በቁራጭ እንጨት ተወትፏል።

ውጅግራ የፈረንሳዮቹ ፉዚ ግራ ነው፣ በ1874 በእነሱ አቆጣጠር የወጣው አንድ ጎራሽ፤ ዐድዋ ላይም ብዙ ነበር። የቀለሃው ቁመት 59 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ የምሞላው የ9 ሚሊ ሜትሩ ሽጉጥ ቀለሃ 19 ብቻ። ውትፉን ነቅዬ በስልኬ መብራት ውስጡን አየሁት፤ ኩሉ ከታች ደርቆ ተጋግሯል፣ ናሱ አፉ ላይ ሳስቶ በአንድ ጎኑ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለው። ተደጋግሞ የተተኮሰ ቀለሃ የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው። አያቴ ስንት ጊዜ ሞልተውት ይሆን?

«አባቴ ቀለሃ አይጥልም ነበር» አሉኝ አጎቴ። «ተኩሶ ሲያበቃ ጎንበስ ብሎ ይለቅማታል። ባሩዱን ሰፍሮ ሰፍሮ፣ አረሩን ከላይ ጫን።»

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ሰፍረው ቢሳሳቱስ?»

«ይፈሳላ! ሙሉ ላይ ምን ይገባል?»

እኔ ደግሞ የእኔ ባሩድ ሌላ ዓይነት መሆኑን አስረዳኋቸው። የጥንቱ ጥቁር ባሩድ ቀለሃውን ይሞላዋል። የዛሬው ጭስ አልባ ኃይለኛ ስለሆነ ለእኔ ሽጉጥ ጥይት ግማሽ ግራም እንኳ አይደርስም፤ ቀለሃው ውስጥ ከታች ብቻ ይተኛል። ሁለት ጊዜ ቢሰፈር ሁለቱንም ይችላል፣ አረሩም ከላይ ይዘጋል፣ ከውጭ ምንም አይታወቅም። ከጎደለው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው።

እሳቸው ቆሎውን ከእጃቸው ወደ ሰፌዱ መለሱ።

«ታዲያ የሚሞላ ባሩድ አጣህ፣ የእቴ ልጅ?»

አላጣሁም። ጭስ አልባውም ቢሆን ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ቦታ የማይዝ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ፈካ ያለ፣ ለዚያው ጥይት የሚበቃው መጠን ከቀለሃው ግማሽ በላይ የሚሞላ፣ ሁለተኛ ሲሰፈር ገንፍሎ ሳህኑ ላይ የሚፈስ። እኔ እስከ ዛሬ የምገዛው ጥቅጥቁን ነበር፣ አንዱ ቆርቆሮ ለብዙ ጥይት ስለሚበቃኝ። ቆጣቢነት መስሎኝ!

ከዚያ በኋላ ማሽኑ ራሱ ሌላ ሆኖ ታየኝ። 550 ላይ ሁልጊዜ የሚነገረው አደጋ ሳህኑን ማዞር ረስቶ እጀታውን መድገም ነው፤ ያኔ አንዱ ቀለሃ ሁለቴ ይሰፈርለታል። የሚገነፍል ባሩድ ካለ ግን ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል። ባዶውን ደግሞ ዓይኔ ያየዋል፤ 550 ላይ አረሩን በጣቴ የማስቀምጠው እኔ ነኝ፣ ከማስቀመጤ በፊት ውስጡን አጎንብሼ አያለሁ። በላዩ ትንሽ መብራት እሰቅልለታለሁ። ሰው ከጠራኝ ወይም ስልክ ከጮኸ ሳህኑ ላይ ያለውን ሁሉ አውርጄ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። 750 መጥፎ ማሽን ሆኖ አይደለም። በወር ብዙ ሺህ ለሚተኩስ ሰው ትክክለኛው እሱ ነው። እኔ ግን በወር አራት መቶ ቢሆን ነው የምተኩሰው፤ አምራቹ 550 በሰዓት ከ400 እስከ 600 ይወጣዋል ይላል። ግማሹን ብሠራ እንኳ በአንድ ማታ ያልቅልኛል፤ የቀሩት ማታዎች ይተርፉኛል።

ይህን ሁሉ ያወራነው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። እዚህ ጥይት የቅዳሜ ጨዋታ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በሰሜን ሸዋ የተኩስ ድምፅ ያላስደነገጠው ቤት ጥቂት ነው፤ አጎቴም ሌሊት ውሻ ሲጮህ ቀና ብለው ያዳምጣሉ። የማሽኑን ሥዕል በስልኬ ላሳያቸው አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ማምሻውን ቀለሃዋን ይዘሃት ሂድ አሉኝ። በጣም ፈልጌያት ነበር፤ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ማሽኑ አጠገብ ብትቀመጥ ብዬ። ግን ቦሌ ፍተሻ ላይ የጥይት ቀለሃ ከሻንጣዬ ሲወጣ ታየኝ። ይቅር ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ትቆይ አልኳቸው። ውትፏን መልሼ ሙዳዩ ውስጥ አስቀመጥኳት። አውራ ጣቴ ላይ የቀረው ኩል በሁለት ውሃ ታጥቤም አልለቀቀም።