ዲ ውስጥ ያለው ድምፅ

ትናንት ማታ የእትዬን ሚኒ ላፕቶፕ ፎርማት አደረግሁት። አተም ፕሮሰሰር፣ 1 ጊጋ ራም፣ 160 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ያለው ነው። ሲዲ ማጫወቻ ከፋብሪካ ሲወጣም አልነበረው፤ ከሦስቱ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ያለበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ድጋፉ ካበቃ ቆይቷል፤ መጋቢት 2006 ላይ።

መጀመሪያ ፒያሳ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ልጁ ውስጡን ሳያይ "ሙልጭ አድርገን እናጥፋው" አለኝ። ተቀብዬው ወደ ቤት ተመለስሁ።

ውስጡ የአባባ ድምፅ አለ። አያታችን አቋቋም የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማሩት እዚሁ ጎንደር በዓታ ነው። እትዬ ተማሪ እያለች ማታ ማታ እግራቸው ሥር ተቀምጣ በስልኳ ትቀዳቸው ነበር። ድምፁም ቪዲዮውም ተደምሮ 23 ጊጋ ሆኗል። ያኔ አንዴ ሲያዜሙ ቤቱ ይሞላ ነበር፤ አሁን ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እትዬም ደውላ "አደራ፣ የአባባ ነገር እንዳይጠፋ" ብላኛለች።

የት ልገልብጠው? ያለችኝ ፍላሽ 8 ጊጋ ናት፤ እሷም ለአዲሱ ሲስተም መጫኛ ታስፈልጋለች። ስልኬም ሞልቷል። የቀረኝ ዲስኩ ራሱ ነው፤ ሲ እና ዲ ተብሎ ተከፍሏል። ሁሉንም ከዴስክቶፑ ወደ ዲ አዛወርሁና ሲን ብቻ ላጠፋ ወሰንሁ።

በዊንዶውስ ፋንታ የመረጥሁት ዴቢያን 12 የተባለውን ነፃ የሊኑክስ ሲስተም ነው። ነሐሴ 2017 የወጣው 13ኛው እንዲህ ላሉ የ32 ቢት ማሽኖች መጫኛ የለውም። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ዝም ብሎ መገልበጥ አይበቃም፤ ሞክሬው አልነሳም ብሎኛል። በጓደኛዬ ኮምፒውተር፣ ሩፎስ በሚባል ማስነሻ ፍላሽ በሚያዘጋጅ ፕሮግራም ስጽፈው ተነሳ። የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ከስልኬ በዋይፋይ አገናኘሁትና ጀመርሁ።

የዲስኩ ክፍፍል የሚመረጥበት ገጽ ሲመጣ እጄን ሰበሰብሁ። ሲ እና ዲ የሚባል ነገር የለም። ቁጥር 1፣ 41.9 ጊጋ፤ ቁጥር 5፣ 118.1 ጊጋ ይላል። እኔ ከዊንዶውስ ወረቀት ላይ የገለበጥሁት ግን ሲ 39፣ ዲ 110 ነው። ደግሞስ 2፣ 3 እና 4 የት ሄዱ? አንዲት ቁልፍ ብሳሳት የአባባ ድምፅ የለም። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ዊንዶውስ ጊጋን በ1024 እያባዛ ይቆጥራል፣ ይሄኛው በ1000። ከ1 እስከ 4 ያሉት ቁጥሮች ለዋና ክፍሎች የተያዙ ስለሆኑ፣ በተራዘመው ክፍል ውስጥ ያለችው ዲ ከ5 ትጀምራለች። በስልኬ ካልኩሌተር አባዛሁት። 39ኙ 41.9 ሆነ፣ 110ሩ 118.1። ደግሜ አባዛሁ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጥር 1ን አጥፍቼ፣ ራሙ ትንሽ ስለሆነ 2 ጊጋውን ለስዋፕ (ራም ሲሞላ ለሚያግዘው ቦታ)፣ የቀረውን ለሲስተሙ የሰጠሁት።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አምፖሉ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ። ተነስቼ ቆምሁ። አልሄደም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አልቆ ተነሳ። የአማርኛው ፊደል ጥርት ብሎ ይታያል። ዲን ስከፍታት ሁሉም እንዳለ ነው።

ጠዋት አባባ ቁርሳቸውን ሲጨርሱ አጠገባቸው አስቀምጬ አንዱን ከፈትሁላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፤ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይነሳል፣ ይወድቃል። መሐል ላይ እጃቸው ቆመ።

"እዚህ ላይ ቸኩያለሁ" አሉ። "መልሰው እስቲ።"

መለስሁት።